«ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» የሚባለው ነገር

አንድ ትልቅ ሰው ሕፃን ላይ ሲጮህ ወይም እጁን ሲያነሳ አይቶ «ኧረ ተው» የሚል ሰው ከተገኘ፣ የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ልጅ ነው፣ ምን ይገባዋል? ነገ ይረሳዋል።»

ግማሹ እውነት ነው። አብዛኞቻችን ሦስት ዓመት ሳይሞላን የሆነውን አናስታውስም። ያኔ ማን እንደመታን፣ ማን አልጋ ላይ ጥሎን እንደወጣ፣ ስናለቅስ ማን ጆሮ ዳባ ልበስ እንዳለን የሚነግረን ታሪክ ጭንቅላታችን ውስጥ የለም። ችግሩ ሌላው ግማሽ ላይ ነው። ታሪኩ ይጠፋል፤ ሰውነት በዚያ ጊዜ የተማረው ግን አይጠፋም። ድምፅ ከፍ ሲል ምን ያህል መደንገጥ እንዳለበት፣ ሲያለቅስ ሰው ይመጣ ወይም አይመጣ እንደሆነ፣ ሰው ሲጠጋው መቅረብ ይሻል ወይም መሸሽ ይሻል እንደሆነ፣ ይህን ሁሉ ገና አፉን ሳይፈታ ተምሮ ጨርሷል። ሲያድግ ደግሞ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ራሱም አያውቅም። የሚያስታውሰው ነገር የለማ!

ለመሆኑ በደል ስንል ምን ማለታችን ነው? ቃሉን ስንሰማ ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው የተሰበረ ክንድ ወይም የበለዘ ፊት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን አካላዊ ጥቃትን፣ ወሲባዊ ጥቃትን፣ ስሜታዊ ጥቃትንና ቸልተኝነትን አብሮ ይቆጥራል። በድርጅቱ ግምት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 10 ሕፃናት 6ቱ፣ ማለትም ወደ 400 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች፣ በወላጆቻቸው ወይም በአሳዳጊዎቻቸው በየጊዜው ይመታሉ ወይም የሥነ ልቦና ጥቃት ይደርስባቸዋል። ከ5 ሴቶች አንዷ፣ ከ7 ወንዶች ደግሞ አንዱ በልጅነታቸው ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ይናገራሉ። ቁጥሩን ዝም ብላችሁ አትለፉት። ይህ «አንዳንድ ክፉ ሰዎች» የሚሠሩት ነገር ቢሆን ኖሮ እዚህ አይደርስም ነበር። በየቤቱ ያለ ነገር ነው።

ከአራቱ ውስጥ ብዙ ወሬ የማይሰማበት ቸልተኝነት ነው። ቁስል የለውም፣ ጩኸት የለውም፣ ጎረቤትም አይሰማውም። በአሜሪካ የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች አጣርተው ከሚያረጋግጧቸው ጉዳዮች ግን አራት እጅ ቢባል ሦስት እጁ ገደማ ቸልተኝነት ነው። እኔም ይህን ጉዳይ ማንበብ ስጀምር ከሁሉም የሚከፋው ዱላው ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ በእርግጠኝነት አልናገርም።

የሕክምናው ዓለም ራሱ ነገሩን ለማመን ጊዜ ፈጅቶበታል። ጆን ካፊ የተባለ የራጅ ሐኪም በ1946 እ.ኤ.አ. ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም የፈሰሰባቸውና የእጅና የእግር አጥንታቸው የተሰበረ 6 ሕፃናትን ታሪክ ጻፈ። ስብራቱ ከየት መጣ የሚለውን ግን በይፋ አፍ አውጥቶ የሚናገር ብዙም አልነበረም። ሄንሪ ኬምፕ እና ባልደረቦቹ ስለ ተደበደቡ ሕፃናት በግልጽ የጻፉት በ1962 ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ሐኪሞች «ከአልጋ ወደቀ» የሚለውን መልስ መጠራጠር የጀመሩት። ራጁ ቀድሞ ይናገር ነበር። የሚሰማው አጣ እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። በደል ልጅ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?

ሕፃን ሲወለድ አንጎሉ ያለቀለት ዕቃ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየሰከንዱ ከ1 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ የነርቭ ግንኙነቶች ይፈጠራሉ። ከዚያ በኋላ የሚያገለግሉት ይጠነክራሉ፣ ሥራ ያጡት ይከረከማሉ። የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይሂድ የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው ልጁ በየቀኑ የሚያገኘው ነገር ነው። ደግሞ ውድ መጫወቻ ወይም ልዩ ትምህርት ማለቴ አይደለም። ሕፃኑ ድምፅ ያወጣል፣ ትልቁ ሰው ይመልስለታል። ሕፃኑ ያያል፣ ትልቁ ያየውን ነገር ስሙን ይነግረዋል። ይስቃል፣ ይሳቅለታል። ይህ ቅብብሎሽ በቀን መቶ ጊዜ ሲደጋገም ንግግርም፣ ትኩረትም፣ ስሜትን መቆጣጠርም በዚያው መስመር ይሠራሉ።

ቅብብሎሹ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ኤድ ትሮኒክ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1970ዎቹ በቀላል ሙከራ አሳይቷል። እናት ከሕፃኗ ጋር ትጫወታለች፤ ከዚያ ለሁለት ደቂቃ ያህል ፊቷን ድንጋይ አድርጋ ዝም ብላ ታየዋለች። አትቆጣም፣ አትመታም፣ ዝም ብቻ። ሕፃኑ መጀመሪያ ይስቅላታል። እጁን ይዘረጋል፣ በጣቱ ይጠቁማል፣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። የሚያውቀውን ዘዴ ሁሉ ይሞክራል ማለት ነው። ካልሠራለት ፊቱን ያዞራል፣ ይቁነጠነጣል፣ በመጨረሻም ያለቅሳል። እናቱ ወደ ጨዋታዋ ስትመለስ ልጁም ይመለሳል። ለሁለት ደቂቃ ነው ይህ ሁሉ። ያ ፊት በየቀኑ፣ ለወራት፣ ከዚያም ለዓመታት የሚገጥመው ልጅ አለ።

ሌላው መንገድ ፍርሃት ነው። ስንፈራ ሰውነታችን አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉ ሆርሞኖችን ይረጫል፤ ልብ ይመታል፣ ደም ውስጥ ስኳር ይጨምራል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ይህ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ልጅ መርፌ ሲወጋ ይደነግጣል፣ ያለቅሳል፣ እናቱ ታቅፈዋለች፣ ልቡ ይረጋጋል። እንዲህ ያለው ስትሬስ እንዲያውም ያጠነክረዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ፍርሃቱ ሲበረታ፣ ሲመላለስ፣ አጠገቡም የሚያረጋጋው ሰው ሲያጣ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሚያስፈራውም፣ ማረጋጋት የነበረበትም ያው አንድ ሰው ሲሆን ነው። ልጅ ሲፈራ ወደ አሳዳጊው መሮጥ ተፈጥሮው ነው። የሚሮጥበት ሰው ራሱ የሚመታው ሰው ከሆነስ? ወዴት ይሂድ? እንዲህ ያሉ ሕፃናት ወደ ወላጃቸው ሄደው ሄደው መሃል ላይ ድርቅ ብለው ሲቆሙ ወይም ፊታቸውን አዙረው ወደ ኋላ እየተራመዱ ሲጠጉ ተመራማሪዎች አይተዋል።

ሰውነት እንግዲህ ይለምዳል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በደል ልጅን ዝም ብሎ «ያበላሸዋል» ብለን እናስባለን፤ እውነቱ ግን ልጁ ያለበትን ቤት እየተላመደ ነው። አደጋ ባለበት ቤት አደጋን ቶሎ ማሽተት ብልህነት ነው። ሴዝ ፖላክ የተባለ ተመራማሪ ለልጆች ብዥ ያለ የሰው ፊት እያሳየ ምስሉ ቀስ በቀስ እንዲጠራ ሲያደርግ፣ ሲመቱ ያደጉት ልጆች የቁጣን ፊት ገና ሳይጠራ ነበር የሚለዩት። ቸልተኝነት የደረሰባቸው ልጆች ደግሞ ሌላ ችግር ታየባቸው፤ አንዱን ስሜት ከሌላው መለየት አቃታቸው። ያስኬዳል፤ አንደኛው ፊት ማንበብ የህልውና ጉዳይ ሆኖበት አደገ፣ ሌላኛው የሚያነበው ፊት አላገኘም።

ይህ ልጅ ቤቱን ለቆ ክፍል ውስጥ ሲገባ ነው ጣጣው። የክፍል ጓደኛው ሳያስበው በትከሻው ገጨው እንበል። ሌላ ልጅ ቢሆን ዞር ብሎ አይቶ ያልፋል። ይህኛው ግን ቡጢ ሰንዝሯል፤ ያውም አስቦበት ሳይሆን ሰውነቱ ቀድሞት። ወይ ደግሞ መምህሩ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ልጁ ፈዞ ይቀራል፤ ሲጠሩት አይሰማም፣ የተነገረውን ከአንድ ደቂቃ በኋላ አያውቀውም። የመጀመሪያው «ባለጌ» ይባላል፣ ሁለተኛው «ዝንጉ»። ትኩረቱ በሩ ላይ፣ የሰው እጅ ላይ፣ የሰው ድምፅ ላይ ያለ ልጅ የሂሳብ ትምህርት ላይ የሚተርፈው ምን አለ? ብዙዎቹ የትኩረት ችግር አለባቸው ተብለው ይመዘገባሉ። ችግሩ ሊኖርባቸውም ይችላል፤ ግን «ቤት ውስጥ ምን አለ?» ብሎ ሳይጠይቁ መድኃኒት ማዘዝ ነገሩን ከጫፉ መያዝ ነው።

አንጎል ውስጥ ሲታይ ሦስት ቦታዎች ተደጋግመው ይነሳሉ። አሚግዳላ የሚባለው የአደጋ ጠባቂ ቶሎ ይነሳል። ለማስታወስና ስትሬስን ለማብረድ የሚያግዘው ሂፖካምፐስ በልጅነታቸው በደል በደረሰባቸው አዋቂዎች ላይ በአማካይ አነስ ብሎ ይገኛል። ከግንባር ጀርባ ያለው፣ «ቆይ፣ አስብ» የሚለን የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ ሌሎቹን የመግታት ሥራው ይከብደዋል። ይህ ግን አማካይ ነው። የአንድን ሰው የአንጎል ምስል አይቶ «ይህ ሰው ተበድሏል» ማለት የሚችል ሐኪም የለም።

ስለ ቸልተኝነት ጠንካራውን ማስረጃ የሰጠችን ሮማኒያ ናት። የቻውሼስኩ መንግሥት የሕዝቡን ቁጥር ለማሳደግ ብሎ በ1966 ፅንስ ማስወረድን ከለከለ። ድሃ ቤተሰቦች ማሳደግ ያልቻሏቸውን ልጆች መንግሥት ተረከበ፤ ሥርዓቱ በ1989 ሲወድቅ ከ100 ሺህ በላይ ልጆች በማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ ተገኙ። በብዙዎቹ ምግብም ልብስም ነበር። ያልነበረው ሰው ነው። አንዲት ተንከባካቢ ከአሥር በላይ ሕፃናት ትይዛለች፣ ፈረቃዋ ሲያልቅ ሌላ ትተካለች። የጎበኟቸው ሰዎች ሲናገሩ ከሁሉም በላይ ያስደነገጣቸው ጸጥታው ነበር። ክፍሉ በሕፃናት ተሞልቶ የሚያለቅስ የለም። ቢያለቅሱ ማን ሊመጣ?

ቻርለስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርለስ ዚና የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 ቡካሬስት ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 31 ወር የሆኑ 136 ሕፃናትን ይዘው ግማሾቹን በዕጣ ወደ አደራ ቤተሰብ፣ ማለትም የሰው ልጅ ተቀብሎ ቤቱ ወደሚያሳድግ ቤተሰብ፣ አስገቡ፤ ግማሾቹ በተቋሙ ቀሩ። ዕጣ የሚለው ቃል ይከብዳል፣ ገብቶኛል። ያኔ ግን በአገሪቱ የአደራ ቤተሰብ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻል ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው ቤተሰብ ፈልገው፣ አሠልጥነው፣ ከፍለው የጀመሩት፤ በተቋሙ የቀረ ልጅም ቤተሰብ ከተገኘለት እንዳይወጣ የከለከለው አልነበረም። ልጆቹ አራት ዓመት ተኩል ሲሆናቸው የማሰብ ችሎታቸው ተለካ። በተቋም የቀሩት አማካይ 73፣ ወደ አደራ ቤተሰብ የገቡት 81፣ በወላጆቻቸው ቤት ያደጉ የዚያው ከተማ ልጆች ደግሞ 109 ሆነ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ቤተሰብ ማግኘት ጠቀመ። ሁለተኛ፣ ክፍተቱ አልተዘጋም። ቶሎ የወጡት የተሻለ አገኙ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ወደ አደራ ቤተሰብ የገቡት በ8 ዓመታቸው የአንጎላቸው የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ሲመዘገብ ተቋም ገብተው ከማያውቁ ልጆች ጋር ተመሳሰለ። ዘግይተው የገቡት አልተመሳሰሉም።

አንጎል ብቻ አይደለም፤ ቁመትና ክብደትም እዚሁ ውስጥ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኤልሲ ዊዶውሰን የተባለች እንግሊዛዊት የሥነ ምግብ ተመራማሪ ጀርመን ውስጥ ባሉ ሁለት የሕፃናት ማሳደጊያዎች ተጨማሪ ምግብ ምን ያህል ክብደት እንደሚጨምር ልታጠና ሄደች። ለስድስት ወር ሁለቱም ቤቶች እኩል ራሽን ያገኙ ነበር፤ ከዚያ አንደኛው ቤት ተጨማሪ ዳቦ፣ ማርማላታና የብርቱካን ጭማቂ ተጀመረለት። ታዲያ የተጨመረላቸው ልጆች ካልተጨመረላቸው ያነሰ ክብደት ጨመሩ! ነገሩ ግራ አጋባት። በኋላ ሲጣራ፣ ምግቡ በተጨመረበት ሰሞን አንዲት ኃይለኛ የሞግዚቶች አለቃ ከሌላው ቤት ወደዚህ ተዛውራ ነበር። ሴትየዋ ልጆቹን መውቀሻ ሰዓት አድርጋ የያዘችው የምግብ ሰዓትን ነው። ሾርባው እየቀዘቀዘ ልጆቹ ይወቀሳሉ፣ አንዱ ያለቅሳል፣ ሌላው ይከተላል። ከቀድሞው ቤት ይዛቸው የመጣቻቸው 8 የምትወዳቸው ልጆች ነበሩ። እነሱ ብቻ በደንብ ወፈሩ። ዊዶውሰን ውጤቱን በ1951 አሳተመችው። ዛሬ ሐኪሞች በቂ ምግብ እያገኘ፣ በሽታም ሳይገኝበት፣ በስሜት በደል ብቻ እድገቱ የቆመ ልጅ እንዳለ ያውቃሉ። ከዚያ ቤት ሲወጣ የእድገት ሆርሞኑ ይመለሳል፣ ቁመቱም መጨመር ይጀምራል።

ውሎ አድሮስ? ይህኛው ታሪክ የሚጀምረው አሜሪካ ሳንዲያጎ ውስጥ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ባለባቸው ሰዎች ክሊኒክ ነው። ሐኪሙ ቪንሰንት ፌሊቲ በ1980ዎቹ አንድ እንቆቅልሽ ገጠመው፤ ክብደት እየቀነሱ፣ እየተሳካላቸው ያሉ ሰዎች ሕክምናውን ጥለው ይሄዳሉ። ለምን ብሎ ሲጠይቅ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸው ነበር። ውፍረቱ ለሐኪሙ በሽታ ነው፤ ለእነሱ ግን የሰው ዓይን እንዳያርፍባቸው የሚከልላቸው ግድግዳ። ፌሊቲ ከሮበርት አንዳ ጋር ሆኖ ነገሩን በብዙ ሰው ላይ አጠናው፤ በመጨረሻ ከ17 ሺህ በላይ ሰዎች ተሳተፉ። የመጀመሪያው ውጤት በ1998 ወጣ። ተሳታፊዎቹ የጤና መድን ያላቸው፣ በአብዛኛው የተማሩና መካከለኛ ኑሮ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ሦስት እጅ ቢባል ሁለት እጁ ያህል በልጅነቱ ቢያንስ አንድ ዓይነት ክፉ ነገር አሳልፏል። አራትና ከዚያ በላይ ያሳለፉት፣ ምንም ካላሳለፉት ጋር ሲተያዩ፣ የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ፣ ድብርትና ራስን የማጥፋት ሙከራ ከ4 እስከ 12 ዕጥፍ በዛባቸው። የልብ በሽታ፣ ካንሰር፣ የሳንባና የጉበት በሽታም አብረው ከፍ አሉ።

በስድስት ዓመት የደረሰ ነገር በ50 ዓመት የልብ በሽታ እንዴት ይሆናል? አንዱ መንገድ ግልጽ ነው፤ ሰው ሕመሙን የሚያስታግስበት ነገር ይፈልጋል፣ ሲጋራውም መጠጡም ለጊዜው ይሠራሉ። ግን ይህ ብቻውን ሁሉንም አያብራራም። ኒውዚላንድ ደኒደን ከተማ ውስጥ በ1972 እና 1973 የተወለዱ ከ1 ሺህ በላይ ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲጠኑ ኖረዋል። በልጅነታቸው በደል የደረሰባቸው በ32 ዓመታቸው ደማቸው ሲመረመር የብግነት (ሰውነት ጉዳት ወይም ጀርም ሲገጥመው የሚያነሳው መከላከያ) ምልክቶች፣ በተለይ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የሚባለው፣ ከፍ ብለው ተገኙ፤ አኗኗራቸውና ሌሎች ነገሮች ከግምት ገብተውም ልዩነቱ አልጠፋም። ሰውነት ለአደጋ ተነስቶ በዚያው ቀርቷል ማለት ነው። ዝቅ ያለ፣ የማይጠፋ ብግነት ደግሞ የደም ሥርን ውስጥ ውስጡን ይጎዳል።

ሌላው ቢቀር አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር፣ ምክንያቱም ነገሩ ኢንተርኔት ላይ ሲወራ ጥንቆላ እየሆነ ነው። በነፌሊቲ ጥናት እያንዳንዱ ዓይነት የልጅነት ክፉ ነገር አንድ ነጥብ ይቆጠራል። አሁን ሰዎች «ነጥብህ ስንት ነው?» ይባባላሉ፤ ስድስት ያገኘ ሰው ዕድሜው ያጠረ ይመስለዋል። አንዳ ራሱ፣ ጥናቱን ከጀመሩት አንዱ፣ በ2020 ይህን ተቃውሞ ጽፏል። ነጥቡ የተሠራው ሕዝብን ለማጥናት እንጂ የአንድን ሰው ዕጣ ለመናገር አይደለም። አንድ ጊዜ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰበትም፣ ለዓመታት የደረሰበትም እኩል አንድ ነጥብ ነው የሚያገኙት። ድህነትና ቸልተኝነትም አይምታቱብን። ልጇን ለማብላት ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት ቸልተኛ አይደለችም፤ የሚያስፈልጋት ወቀሳ ሳይሆን ድጋፍ ነው።

«የተመታ ይመታል» የሚባለውም እንዲሁ ነው። አደጋው ከፍ ይላል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በልጅነታቸው ከተበደሉ ሰዎች አብዛኞቹ ልጆቻቸውን አይበድሉም። በሃዋይ ካዋይ ደሴት በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ኤሚ ቨርነር ለአሥርተ ዓመታት ተከታትላለች። በድህነት፣ በጠብ፣ በወላጅ የአእምሮ ሕመም ወይም በመጠጥ መሃል ካደጉት ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቁ፣ ለሰው የሚያስቡ አዋቂዎች ሆኑ። ምን ነበራቸው? ከሚደጋገሙት መልሶች አንዱ የሚታመን አንድ ትልቅ ሰው ነው። ወላጅ መሆን የለበትም፤ አያት፣ አክስት፣ መምህር ይሆናል። የሚቆይ ሰው ይሁን እንጂ።

ስለ ቁንጥጫና ስለ ጥፊ ሳላነሳ ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። «እኛም ተመትተን አድገናል፣ ምን ሆንን?» የሚለው ክርክር መቼም አያልቅም። ኤሊዛቤት ገርሾፍና ባልደረባዋ በ2016 ከ160 ሺህ በላይ ልጆችን የያዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ ለ«ማስተካከል» ተብሎ በእጅ መምታት ከልጆች የተሻለ ጠባይ ጋር አልተያያዘም፤ ከጠበኝነት፣ ከአእምሮ ጤና ችግርና ከወላጅ ጋር ከመቀያየም ጋር ተያያዘ። ተመትቶ ያደገ ሁሉ ይጎዳል ማለት አይደለም፤ ዱላው ይሠራዋል የተባለውን ሥራ አልሠራም ማለት ነው። ስዊድን በ1979 ልጅን መምታት በሕግ የከለከለች የመጀመሪያዋ አገር ስትሆን፣ ዛሬ ከ60 በላይ አገሮች ተከትለዋታል። በእኔ አስተያየት ሕጉ ብቻውን ያን ያህል አይራመድም። ስዊድን ሕጉን ስታወጣ በወተት ካርቶን ላይ ሳይቀር ለወላጆች ምክር አትማ ነበር፤ ዋናው እሱ ይመስለኛል።

ታዲያ ምን ይሠራል? ጥሩው ዜና፣ የሚሠሩት ነገሮች ተራ መሆናቸው ነው። ዴቪድ ኦልድስ በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒውዮርክ ግዛት ኤልማይራ በምትባል ከተማ ነርሶች ለመጀመሪያ ጊዜ ያረገዙ፣ በአብዛኛው ወጣትና ድሃ የሆኑ ሴቶችን ቤት ሄደው እንዲጠይቁ አደረገ፤ ከእርግዝና ጀምሮ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሆነው። ነርሷ ስለ ጡት ማጥባት ትነግራለች፣ ስለ ለቅሶ ትነግራለች፣ የእናቲቱን ጭንቀት ትሰማለች። ከ15 ዓመት በኋላ ሲታይ በእነዚህ ቤተሰቦች የተረጋገጠ የልጅ በደልና ቸልተኝነት ጉዳይ በ48 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ሜሪ ዶዚየር ያዘጋጀችው ሌላ ፕሮግራም ደግሞ 10 ጉብኝት ብቻ ነው። ባለሙያዋ ወላጁ ቤት ገብታ እያየች፣ ሕፃኑ ድምፅ ሲያወጣ ወላጁ ሲመልስለት እዚያው «አየሽ፣ አሁን መለሽለት» ትላለች። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። የተበደሉ ሕፃናት ኮርቲዞል ጠዋት ከፍ ብሎ ማታ ዝቅ ማለት ሲገባው ቀኑን ሙሉ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ወላጆቻቸው ይህን ያገኙ ልጆች ላይ ግን ወደ ጤናማው መልክ ተጠግቶ ተገኝቷል።

ለወላጅ አንድ ነገር። ፍጹም መሆን አይጠበቅባችሁም፤ የሚችልም የለም። ያው ትሮኒክ ደህና የሚባሉ እናቶችንና ሕፃናትን ሲመለከት፣ ከሕፃኑ ጋር ተግባብተው የሚገኙት ከጊዜው 30 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ቀሪው መሳሳትና መጠገን ነው። ልጁ ርቦት ነው ብለው ሲያስቡ እንቅልፉ ነው፤ ይሞክራሉ፣ ይስታሉ፣ ያገኙታል። ጮኻችሁበት ከሆነም ተመልሶ ማቀፍ፣ «ደንግጠህ ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ይቻላል። ልጁ ቃሉን ባይረዳ ድምፁን ይረዳል።

በጣም አስጊው ጊዜ መጀመሪያዎቹ ወራት ናቸው። የጤነኛ ሕፃን ለቅሶ ከተወለደ ከሁለት ሳምንት ገደማ ጀምሮ ይጨምራል፤ ሁለት ወር ሊሞላው ሲል ጣራ ይነካል፣ ከዚያ ራሱ ይቀንሳል። በመናጥ ወይም በመምታት በሕፃናት ላይ ከሚደርሱ የጭንቅላት ጉዳቶች ብዙዎቹ የሚደርሱት በዚሁ ሰሞን፣ እንቅልፍ ባጣና ትዕግሥቱ ባለቀ ትልቅ ሰው እጅ ነው። ለሰከንዶች መናጥ በቂ ነው፤ አንገቱ ገና ጭንቅላቱን መሸከም አይችልም፣ አንጎሉ ከራስ ቅሉ ጋር ይላተማል፣ ዓይኑም ሊጠፋ፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ጠግቦ፣ ደርቆ፣ ትኩሳት ሳይኖረው የሚያለቅስ ሕፃን ይዛችሁ እጃችሁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ አልጋው ላይ በጀርባው አስተኙት፣ በሩን ዘግታችሁ ውጡ። ውሃ ጠጡ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ለሰው ደውሉ። ከ5 ወይም ከ10 ደቂቃ በኋላ ግቡና እዩት። አሁንም ካቃታችሁ የደወላችሁለት ሰው መጥቶ ይቀበላችሁ።